የጀልባዋ ወጥ ቤት ርክክብ

ነይ ሙቲያ፣ ነይ እህቴ። ሳንቃውን ቀስ ብለሽ ተሻገሪው፣ ጠዋት የጣለው ዝናብ አርጥቦታል። ጫማሽን እዚያው አውልቂው፤ ጀልባ ላይ በባዶ እግር ነው። እንዴት ነሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከቡኪቲንጊ ስትወርጂ መንገዱ አልተዘጋም? ሰሞኑን ገደሉ እየተናደ አውቶቡሶቹ ግማሽ ቀን ይቆማሉ ሲሉ ሰምቼ እንዴት ትደርስ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ደረስሽ። እንኪ ውሃ ጠጪ። የሙዋሮ ወደብ ሙቀት ከደጋ ለመጣ ሰው አይቻልም፤ ወንዙ ራሱ ላብ ላብ ይሸታል።

እኔ ያርኔሊስ ነኝ። እዚህ ግን ከመልህቅ ጎታቹ እስከ ፈረንጁ «ኡኒ» ነው የሚለኝ፣ የሁሉም ታላቅ እህት ሆኜ ቀረሁ። አንቺም እንደዚያው በይኝ። በዚህች ጀልባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብስያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አንቺ ታበስያለሽ። አይ፣ አትሽቆጥቆጪ። አንቺ ምን አደረግሽ? ሥራ አለ ተባልሽ፣ መጣሽ። ማንስ ቢሆን አይመጣም? እኔም ብሆን ደስ ብሎኛል፣ አርፌ ልቀመጥ ነዋ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ለካ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያስብልኝ ሰው ነበረኝ… «ኡኒ ደክሟታል፣ ትረፍ» ተባለ አሉ።

ማን አለ? እንጃ። የደረሰኝ በታናሽ እህቴ በዴስማዋቲ አፍ ነው። እሷን ማን እንደላካት… ስም አልጠራም። አንቺም የአገሬ ልጅ ነሽ፣ ወጋችንን ታውቂዋለሽ፤ የእህት ባል በስሙ አይጠራም። ክብር ነው። ስለዚህ እኔ ዛሬ ስለማንም አላወራም። የማወራው ስለ ሩዝ ነው።

ሩዙ ይኸውልሽ፣ ሁለት ኬሻ። ከወለሉ በእንጨት ከፍ አድርጊው፣ ከሥር ውሃ ይገባል። የምታበስዪው ለስምንት እንግዳና ለአምስት የጀልባ ሰው ነው፣ ለአሥራ ሁለት ቀን። ሆቴል ቤት ፈረንጅ ሩዝ አይወድም ብለው አስተምረውሽ ይሆናል። ማዕበል ሲጋልብ ያረፈደ ፈረንጅ ግን የሰጠሽውን ይበላል፣ ሳህኑን ይልስና ሌላ ይጠይቃል። ሙዙ ያ የተንጠለጠለው ነው። ጎህ ሲቀድ አንዳንድ ሙዝ ብቻ ቀምሰው ይወርዳሉ፣ አራት ሰዓት ላይ ተርበው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሩዙ፣ እንቁላሉ፣ የተጠበሰው ሙዝ፣ ሁሉም ደርሶ መገኘት አለበት። ቆይ አሁን ነው ብትያቸው የጥሬ ቃሪያውን ሳህን ይጨርሱልሻል፣ ከዚያ ደግሞ ሲያለቅሱ ማባበሉ ያንቺ ነው።

በዚህ ትልቅ ድስት ያለው ሬንዳንግ ነው። ትናንት ነው የሠራሁት። ሥጋው በኮኮናት ወተቱ ውስጥ ጠቁሮ እስኪደርቅ ድረስ ስምንት ሰዓት ቆሜ አማሰልኩ። በረዶው ቢያልቅ እንኳ አሥራ ሁለቱን ቀን አይበላሽም። አርፈሽ ተቀመጪ የተባለ ሰው ስምንት ሰዓት ቆሞ ያማስላል እንዴ? ምን ላድርግ፣ እጄ ጡረታ መውጣቱን ገና አልሰማም።

ቆይ… ሰማሽ? ካፒቴናችን ናቸው፣ ጣሪያው ላይ እየቆጠሩ። ሃያ አንድ አሉ። ቅድም አሥራ ዘጠኝ ነበር፣ ከዚያ በፊት ሃያ ሦስት። የእንግዶቹ ቦርዶች ናቸው፣ ላያቸው ላይ ቆመው ማዕበሉን የሚጋልቡባቸው፤ እንግዶቹ ሆቴል አረፍ ብለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፣ ቦርዶቹ ግን በጭነት መኪና ቀድመው መጡ። ቦርድ ይወልዳል እንዴ ብለሽ እንዳትስቂ። ጥንቃቄ ነው። እኔ እንደ እሳቸው ጠንቃቃ ሰው አይቼ አላውቅም። አንዴ ቆጥሮ ማመን የችኩል ሰው ነው። ረጃጅሞቹ ከሥር፣ አጫጭሮቹ ከላይ፣ አፍንጫቸው ወደ ኋላ እየሆነ መታሰር አለበት፤ አለዚያ ባሕሩ መሃል ላይ ነፋሱ ጫፋቸውን ያነሳዋል። እኔ ከዚህ ከወጥ ቤት ሆኜ ጮክ ብዬ እናገር ነበር፣ እንደ አጋጣሚ ሁልጊዜ እንደተናገርኩት ይታሰር ነበር። ዛሬ አልናገርም። እያረፍኩ ነኝ።

የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ግን እኔው ቆጥሬልሻለሁ፣ አሥራ አራት ናቸው። ሌላ ሰው ቢቆጥራቸው ስንት እንደሚሆኑ አላውቅም።

ሎሚውን ከሌላው አትክልት ለይተሽ አስቀምጪው። ለምግብ ብቻ እንዳይመስልሽ። እዚያ ደሴቶቹ ጋ ማዕበሉ የሚሰበረው ኮራል ድንጋይ ላይ ነው፣ የወደቀ ሁሉ ጀርባውን፣ እግሩን ተፍቆ ይመጣል። ሎሚ ቆርጠሽ ታሺዋለሽ። ይጮሃል። አትዘኚለት፣ በማግሥቱ መልሶ ይወርዳል። ዝንጅብሉ ለዛሬ ማታ ነው። ስንሻገር… ስትሻገሩ ማለቴ ነው፣ ምላሴ ገና አልለመደም… ስትሻገሩ ግማሾቹ ባሕሩ ያዞራቸዋል። ዘይት የበዛበት ነገር አታቅርቢ፣ መልሰው ይሰጡሻል። ያቺ ሰማያዊ ሳጥን የቢራቸው ናት፣ ከዓሣው በረዶ ጋር አታቀላቅያት። የሚጠጡትን እነሱ ይወቁ፣ እኛ የበረዶውን እንወቅ።

ይሄን ካርቶን ደግሞ ጥላ ውስጥ አድርጊው፣ ሰም ነው። እግራቸው ቦርዱ ላይ እንዳይንሸራተት የሚቀቡት። ከቀዝቃዛ ባሕር የሚመጡት አንዳንዶቹ ተሳስተው የቀዝቃዛውን ሰም ሸክፈው ይመጣሉ፣ የኛ ፀሐይ ሲያየው ቅቤ ነው የሚሆነው። ዓምና እንዲህ ያለ አንድ ካርቶን መጥቶ፣ አንድ ትልቅ ሰው «የዕቃ ቦታ እኔ ነኝ የማውቀው» ብለው ከመሪው ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፣ በመስኮቱ በኩል። ቀልጦ ወንበሩ ላይ ወረደ። እሳቸው ሳያዩ ተቀመጡበት። ለምሳ ሊነሱ ቢሉ ወንበሩም አብሮ ተነሳ። ሁለት ሰው ከኋላ ይዞ ነው ያላቀቃቸው፣ ቁምጣው ግን ወንበሩ ላይ ቀረ። ሰም መቼም እንዲህ ነው፣ ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጥና ከሥር የነበረውን ያሳያል። ወርቁን የፈለገ ይፈልገው፣ እኔ የማወራሽ ስለ ሰሙ ነው።

ስለ ካፒቴኑ ልትጠይቂኝ ፈልገሽ ፈርተሽ ነው አይደል? ዓይንሽ ወደ ጣሪያው ይመላለሳል። ኧረ ጥሩ ሰው ናቸው። ወላሂ። አሥራ አምስት ዓመት መሪ ሲጨብጡ ያዩትን ድንጋይ አንድ ቀን መትተው አያውቁም። የመቷቸው ድንጋዮች በሙሉ ያላዩዋቸው ናቸው። ታዲያ ላላዩት ነገር ሰው ይወቀሳል? እንቅልፋቸውም የተባረከ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ድስቶቼ ሁሉ ወለሉ ላይ እየተንኳኩ፣ ፈረንጆቹ አምላካቸውን እየጠሩ፣ እሳቸው ትንፍሽ አይሉም። ልቡ ንጹሕ ካልሆነ ማን እንዲህ ይተኛል? ደግሞ ፎቶ ያምርባቸዋል። ከያንዳንዱ ቡድን ጋር፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሩቅ እያዩ የተነሱት አለ። ጀልባዋ ያን ጊዜ ወደብ ላይ እንደታሰረች ነው። ፎቶው ላይ ግን ገመዱ አይታይም።

እጃቸውን ስታይ ደግሞ ትገረሚያለሽ። ልስላሴው! የኔን እይ፣ የተቃጠለው፣ የተቆረጠው። የገመድና የመልህቅ ሰው እጅ እንዲያ ለስልሶ መቆየቱ ከአላህ የተሰጠ ጸጋ ካልሆነ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ አሁን ለሥራሽ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገርሽ። የቋንቋ ነገር ነው። ፈረንጅ ወጥ ሰሪን «ኩክ» ነው የሚለው። አጭር ናት፣ ቶሎ ትቆረጣለች። ኩክ። ይሄን ታውቂዋለሽ፣ ሆቴልም ብለውሻል። ሌላ ደግሞ አለች፣ ረዘም የምትል። ኩ…ክ። እሷን የሚሏት የማዕበል ጋላቢዎቹ ናቸው፣ ሆቴል ቤት አትሰሚያትም። ምን ማለት መሰለሽ? ቦርድ በብብቱ ይዞ የሚጀነን፣ ሳያውቅ አውቃለሁ የሚል፣ ሰው ተራውን ጠብቆ በያዘው ማዕበል ላይ ዘሎ ገብቶ ሁሉንም ይዞ የሚወድቅ ሰው ማለት ነው። ለመስማት ያው ናቸው። ልዩነታቸው አንዲት ትንፋሽ ነው። ይቺን አንዲት ትንፋሽ ለመለየት እኔ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ታዲያ ማን ላይ እፈርዳለሁ?

ያለፈው ጉዞ ላይ ነው፣ በስድስተኛው ቀን። አንድ የተከበሩ ሰው ከመሪው ክፍል ሆነው አሥራ አምስት ዓመት ሲያዩት የኖሩትን ነገር፣ «ይሄማ ምን አላት» ብለው፣ የእንግዳ ቦርድ ተውሰው ወረዱ። ወንድ ልጅ ደፋር ሲሆን ደስ አይልም? ቦርዱን ከቁርጭምጭሚት የሚያያይዘውን ገመድ ከኋላ እግራቸው ማሰር ሲገባቸው ከፊተኛው አሰሩት። ቦርዱን ገልብጠው፣ ከሥር መሆን ያለበትን ክንፍ ወደ ሰማይ አድርገው ተኙበት። እኔ ከዚህች መስኮት ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እንባዬ የሽንኩርት ነው፣ ለጠየቀኝም ሁሉ እንደዚያው ነው ያልኩት።

እንግዶቹ ቦርዱን ገለበጡላቸው። ከዚያ አንድ ማዕበል መጣ፤ ትልቅ አይደለም፣ የዋህ ነገር ነበር። አንድ እንግዳ ተራውን ጠብቆ ይዞት እየመጣ ሳለ እሳቸው ከፊቱ ገቡበት። ሁለት ሌሎች ደግሞ ከጎን ነበሩ። አራቱም ተያይዘው ወደቁ። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ቦርድ ብቻ ለሁለት ተሰበረ። እሳቸው ከውሃው ሲወጡ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ማዕበሉ ተሳስቷል አሉ።

ፈረንጆቹ ወደዷቸው። ለምን አይወዷቸው? ሰው ለስድስት ቀን የሚበቃ ሳቅ በነጻ ሰጥቷቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ትከሻቸውን መታ መታ እያደረጉ «ኩ…ክ» ይሏቸዋል፣ ረዘም አድርገው። የደሴቶቹ አንደኛ ኩ…ክ ይሏቸዋል። በክፋት አይደለም፣ እርስ በርሳቸውም ይባባላሉ።

እሳቸው ግን ምን ሰሙ? አጭሯን ሰሙ። ወጥ ሰሪ። ፈርጅልኝ እስቲ፤ አሥራ አምስት ዓመት መሪ የጨበጠን ሰው ወጥ ሰሪ ሲሉት አያመውም? ያመዋል እንጂ። ቤት ሲገቡ ለእህቴ የሆዳቸውን ዘረገፉላት። እኔ ጭልፋዬን ይዤ ሁልጊዜ እንግዶቹ ፊት ስለምገተር፣ ስማቸውን ከነልጆቻቸው ስለማውቅ፣ ነፋሱ በዚህ ነው ማዕበሉ በዚያ ነው እያልኩ ስለምቀባጥር፣ ፈረንጆቹ ማን ካፒቴን ማን ወጥ ሰሪ እንደሆነ ተምታታባቸው አሏት። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ኡኒ ትረፍ፣ ሌላ ወጥ ሰሪ ትምጣ፣ ዝም የምትል። አንቺ ዝም ትያለሽ አይደል? ጎሽ። ሥራሽን ጀምረሻል ማለት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በአንዲት ትንፋሽ ሄደ። አልዋሽሽም፣ አሞኛል። እዚህ ወጥ ቤት የገባሁት ባሌ በሞተ በአርባ ቀኑ ነው። ቤት ተቀምጬ ግድግዳውን ከማይ ብዬ ገባሁ፣ ባሕሩ ያዘኝ። ልጅ የለኝም፤ በየዓመቱ እየተመላለሱ ፂማቸው ሲሸብት ያየኋቸው ፈረንጆች አሉኝ። አሁን ማታ የሚመጡት ገና ሳንቃው ላይ ሆነው «ኡኒ» ብለው ይጠራሉ። ምን ይሏቸዋል? ሞታለች? ታማለች? እስኪ አንቺ ምን እንደምትያቸው አስቢበት፣ እኔ ሳስብበት ነው የሰነበትኩት።

ታዲያ ለምን ትርጉሙን አልነገርሻቸውም ትይኝ ይሆናል። እንዴት አድርጌ? ለእህት ባል ፊት ለፊት ቃል መወርወር በእኛ ነውር አይደለም እንዴ? ለአማች ነገሩ ዘወር ተደርጎ፣ አግድሞ ነው የሚነገረው፤ እናታችን ያሳደገችን እንደዚያ ነው። እኔ ወግ አክባሪ ነኝ። ስለዚህ ነው ላንቺ የምነግርሽ። ድምፄ ትንሽ ጎላ ካለ ይቅር በይኝ፣ ከሞተር አጠገብ ይሄን ያህል ዘመን የሠራ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም።

ቅሬታ የለኝም። ጀልባዋ ላይ የሚያዙት እሳቸው ናቸው፤ ማን ይሳፈር፣ ማን ይውረድ የእሳቸው ነው። ባለቤቱ ጃካርታ ተቀምጦ ያጸድቃል። ቤቱ ግን ያው እንደ ሁላችንም ቤት ነው፤ ከእናታችን ለእኔና ለዴስማዋቲ የመጣ። ወንዱ ሲያገባ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ እንግዳ ይሆናል፣ እንግዳ ደግሞ ይከበራል። ሃያ ዓመት አክብረናቸዋል። ከዓሣው የክብሩን ቁራጭ፣ ራሱን፣ ከሻዩ አንደኛውን፣ ከበረንዳው ንፋስ የሚገባበትን። አንድ ቀን «ደክሞዎታል፣ ይረፉ» ብለናቸው እንኳ አናውቅም።

ኧረ… ቆጠራው ቆመ። ሃያ ሁለት ላይ ቆመ ልበል? ደክሟቸው ነው፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። አትይ ወደዚያ። መሰላሉ ላይ እግር ይታየኛል፣ ልውረድ አልውረድ የሚል እግር። ተዪው፣ እኛ ሥራችን ላይ ነን።

እና እልሻለሁ፣ እንግዶቹ ሲጠሩ አጭሯን ካሉ አቤት በይ፣ አንቺን ነው። ረጅሟን ካሉ ግን አትድከሚ፣ ዝም ብለሽ በጭልፋሽ ወደ ላይ ጠቁሚ። ጭልፋ ስልሽ፣ ይቺኛዋን ይዣት እሄዳለሁ፣ ኮኮናት እንጨት ናት፣ ባሌ ነው የጠረበልኝ። ያንቺ እዚያ ተሰቅላለች፣ አዲስ ናት። ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ማታ ዝጊው። ሁለተኛው ምድጃ ወደ ግራ ይዘማል፣ ድስቱን በጨርቅ ደግፊው። ጨርሻለሁ መሰለኝ።

እግሩ ወደ ላይ ተመለሰ። ወደ መሪው ክፍል። በሩንም ዘጉት። አይዞሽ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ አየር ያገኛሉ።

ማናት እሷ በሳንቃው የምትመጣው? ዴስማዋቲ ናት፣ እህቴ። ባሏን ልትሸኝ። ተመልከቻት፣ ያንን ሁሉ ተሸክማ። አግዢያት እስቲ፣ አንዱን ተቀበያት… እሱ ከባድ ነው፣ በሁለት እጅሽ። የእሳቸው ዕቃ ነው። አዎ፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ነው የሚሄዱት። ሌላ ጊዜ ሁለት ቁምጣና አንድ ሽርጥ ነበር የምትሸክፍላቸው። ዛሬ የዒድ ልብሳቸው አለበት። የክረምት ሹራባቸው፣ ቡኪቲንጊ ሲወጡ የሚለብሱት። መስገጃቸው። የምላጫቸው ሳጥን። የሠርጋቸው ቀን የለበሱት ባለ ወርቅ ክር ኮት፣ በወረቀት ጠቅልላ። ያ ደግሞ ትራሳቸው ነው። የወፏን ጎጆ ጥላ ውስጥ አድርጊያት፣ የሚወዷት ወፋቸው ናት፣ ቤት ብትቀር ማን ይቀልብላቸዋል ብላ ነው። ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ዕቃ በሁለት ሻንጣ ገባ፣ አየሽ? አሸካከፍ ከእሷ ተማሪ።

እኔ ምንም አልነገርኳትም። ዛሬ ጠዋት ያቺን አንዲት ቃል ተረጎምኩላት፣ ረጅሟን። መጀመሪያ ሳቀች፣ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «በዚህ ነው እህቴን ያወረዳት?» አለችኝ። እኔ ሩዝ መልቀሜን ቀጠልኩ። ገብታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ሰማሁ። እኔ ምን አገባኝ? የባልና የሚስት ሻንጣ ነው።

ሳንቃው ሊነሳ ነው፣ እኔና እህቴ እንውረድ። ቤት ሰፍቶናል፣ ሁለታችን ነን ዛሬ የምንበላው። በወጋችን ግን የሚሄድ ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም፤ እጅሽን ዘርጊ ሙቲያ፣ አንቺም አሜን በይልኝ፣ እሳቸውም በመስኮቱ እንዲሰሙ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። አላህ ባሕሩን ያርጋላቸው። ነፋሱን ከኋላቸው ያድርግላቸው፣ ድንጋዩን ሁሉ በጊዜ ያሳያቸው። ጤና ይስጣቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ በደረሱበት ሁሉ እጅ የሚዘረጋላቸው ሰው አያሳጣቸው። እኛን ብለው አይቸኩሉ፣ እንደልባቸው ይቆዩ። አንድ ቀን ደግሞ፣ አሜን በይ እህቴ… አንድ ቀን ደግሞ አላህ ለእሳቸውም «የቤቴ በር» ብለው የሚያንኳኩትን በር ይስጣቸው።